ስቶክሆልምን በጓሮ በር

ስቶክሆልም የመጣ ሰው ሁሉ ከጋምላ ስታን ነው የሚጀምረው። አሮጌው ከተማ፣ ቤተ መንግሥቱ፣ ፎቶ፣ አለቀ። እኔ ግን እዚሁ ነዋሪ ነኝ፤ ሰፈሬ ሪንከቢ ነው። ስለዚህ የከተማዋን ታሪክ ከራሴ ደጅ ጀምሬ ወደኋላ ለመከተል ወሰንኩ። የሚያስፈልገኝ የወር የባቡር ካርድ ብቻ ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደንቤ ቀላል ነው። በአንድ ቀን አንድ ቦታ። ስሄድ አንድ ጥያቄ ይዤ እሄዳለሁ። መልሱን ካገኘሁ ቡናዬን ጠጥቼ ወደ ቤት።

የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ራሴ ሰፈር ነበር፦ ፎቆቹ ለምን አንድ ዓይነት ሆኑ? መልሱን ያገኘሁት ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። እዚህ አገር ብዙ ፎቆች ምድር ቤታቸው ውስጥ የጋራ ማጠቢያ አላቸው። ሰዓት አስቀድሞ ይያዛል፤ በሰው ሰዓት የገባ ሰው በማግሥቱ በሩ ላይ የተለጠፈ ማስታወሻ ያነባል። ባቡር ውስጥ ትንፍሽ የማይል ስዊድናዊ እዚያ ክፍል ውስጥ ልብሱ እስኪደርቅ ድረስ ያወራል። ጎረቤቴ ሕንፃው ሲከፈት ጀምሮ ያሉ አዛውንት ናቸው። (በስማቸው ብቻ ጥሪኝ ይሉኛል፤ አፌ እስካሁን እሺ አላለኝም።) ያን ጊዜ ቤት ለማግኘት ዓመታት ይጠበቅ እንደነበር ነገሩኝ። መንግሥት ከ1965 እስከ 1974 አንድ ሚሊዮን ቤት ሠራ፤ የአገሩ ሕዝብ ደግሞ ስምንት ሚሊዮን ገደማ ነበር። በዚያ ፍጥነት ሲሠራ ፎቁ ሁሉ ቢመሳሰል ምን ይገርማል?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ተማርኩ። አዛውንቶችን «ስለ ስዊድን ታሪክ ይንገሩኝ» ካላችኋቸው ወደ ሙዚየም ይልኳችኋል። «እዚህ ቤት ሲገቡ ሰፈሩ ምን ይመስል ነበር?» በሏቸው፤ ከዚያ ማን ያስቆማቸዋል!

ቀጥሎ ባቡሩ ራሱ። የስቶክሆልም ቱነልባና (የምድር ውስጥ ባቡሩ) በ1950 ነው የጀመረው። የእኛ ሰማያዊ መስመር የተከፈተው በ1975 ነው፤ ጣቢያዎቹ ዋሻ መሆናቸውን ሳይደብቁ ዓለቱ ላይ ሥዕል ተሥሎባቸዋል። ሪንከቢ ጣቢያ ግድግዳው ላይ በወርቃማ ሞዛይክ የቫይኪንግ ዘመን ቅርሶች አሉ። በየቀኑ አጠገባቸው ሳልፍ ስልኬን ነበር የማየው። ዋናው ጣቢያ ቲ-ሴንትራለን ስትወርዱ ደግሞ ቀና በሉ። ከሰማያዊው ሐረግ በተጨማሪ ጣቢያውን የሠሩት ሠራተኞች ምስል ተሥሏል። ሠራተኛውን ጣሪያ ላይ የሚሥል ከተማ ደስ ይለኛል።

ከዚያ ማዘጋጃ ቤቱ፣ 1923። የኖቤል እራት የሚበላበት «ሰማያዊ አዳራሽ» ቀይ ጡብ ነው፤ አርክቴክቱ ጡቡን ካየ በኋላ ቀለም መቀባቱን ተወው። ከዚያ ወደኋላ ንጉሥ ጉስታቭ ሦስተኛ፣ በ1792 ኦፔራ ቤት ውስጥ ጭንብል በለበሱ ሰዎች መሀል የተተኮሰበት። በዚያው ክፍለ ዘመን ቡናን ደጋግመው ከልክለውት ነበር። ዛሬ ሥራ አቁመው ሄል ያለበት ዳቦ በቡና የሚበሉ ሰዎችን ሳይ ክልከላው የት እንደደረሰ ይገባኛል።

ብዙ ሰዓት የቆየሁት ቫሳ መርከብ ጋ ነው። በ1628 የመጀመሪያ ጉዞዋን ጀመረች፤ 1,300 ሜትር ገደማ ሄዳ ሰመጠች። ላይዋ ከብዶ ነበር፤ ነፋስ ሲያጋድላት በተከፈቱት የመድፍ መስኮቶች ውሃ ገባ። ምርመራ ተደረገ፣ ብዙ ሰው ተጠየቀ፣ የተቀጣ የለም። (ይሄ ነገር የት አገር ነው የማውቀው?) በ1961 ስትወጣ እንጨቷ ያልተበላው የባልቲክ ውሃ ጨው አነስተኛ ስለሆነ ነው፤ መርከብ የሚበላው ትል እዚያ አይኖርም። ሙዚየሙ ለልጆች ነጻ ነው፤ ይዛችኋቸው ሂዱ።

ጋምላ ስታን የደረስኩት በመጨረሻ ነው፤ እንደዚያ በመሆኑም ደስ ብሎኛል። ቤተ ክርስቲያኑ ስቱርሽርካን ውስጥ በፈረስ ላይ ያለ፣ ዘንዶ የሚወጋ ትልቅ የእንጨት ሐውልት ቆሟል። የራሳችን ጊዮርጊስ! ብሩታዊትም ፈንጠር ብላ ተንበርክካለች። ሐውልቱ የ1489 ሥራ ነው። ያሠራው የስዊድን ገዢ የነበረው ስቴን ስቱሬ በ1471 ዴንማርኮችን ብሩንከበሪ ላይ አሸንፎ ነበር፤ ዘንዶው ዴንማርክ፣ ልጅቷ አገሪቱ መሆኗ ነው። ዓድዋ ላይ ጊዮርጊስ ከእኛ ጋር ነበር ሲባል ያደገ ሰው አስጎብኚ አያስፈልገውም። ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ስቱርቶሪየት አደባባይ አለ። የዴንማርኩ ንጉሥ ክርስቲያን ሁለተኛ በኅዳር 1520 የስዊድን መኳንንትና ጳጳሳትን ያሳረደበት ነው። ቀይዋን ሕንፃ ፎቶ የሚያነሳው ቱሪስት ግማሹ ይህን የሚያውቅ አይመስለኝም።

ይህን ጉዞ ለማድረግ ያሰበ ካለ በክረምት ይጀምር። ዲሴምበር ላይ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከ9 ሰዓት በፊት ትጠልቃለች፤ ዋሻ፣ ሙዚየምና ቤተ ክርስቲያን ግን ብርሃን አይጠብቁም። ደሴቶቹ ለበጋ ይቆዩ። የስቶክሆልም ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ጽሑፍ ላይ የሰፈረው በ1252 ነው፤ ከዚያ በፊት ሜላረን ሐይቅ ላይ ቢርካ የምትባል የቫይኪንጎች የንግድ ከተማ ነበረች። ወደዚያ የሚወስደው የጎብኚዎች ጀልባ በበጋ ነው የሚሠራው። እስከዚያ ጎረቤቴ አብረውኝ እንዲሄዱ እያግባባሁ ነው፤ ጉልበታቸው ነው ያስቸገረን።