ሼፍ፣ ውሃችን ደካማ ነው

ዱባይ ያለ አንድ ሆቴል ኮሚ ሼፍ፣ ማለትም ጀማሪ ምግብ አብሳይ፣ ይፈልጋል ተባለና አመለከትኩ። ኤጀንሲው ደወለልኝ። «ወንድሜ፣ ነገ ዋናው ሼፍ ስታበስል በቪዲዮ ያይሃል፤ ፓስታ በነጭ ሶስ።» ቤሻሜል ነው እንግዲህ፤ ቅቤ፣ ዱቄት፣ ወተት፣ አለቀ። የሙያ ብቃት ፈተናውን፣ ሲኦሲን፣ ስፈተንም የሠራሁት እሱኑ ነው።

የምኖረው አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው። ስልኬን ቢጫው ጀሪካን ላይ አስደግፌ ሽርጤን ታጠቅኩ። ሼፉ ብቅ አለ። ሰላምታ ብሎ ነገር የለም፣ ዓይኑ ሰዓቱ ላይ ነው። ፓኬቱ 9 ደቂቃ ይላል፤ ልክ ሲሞላ «አውጣና ቅመሰው» አለኝ። ነከስኩት። ቀጭ! ዱባይ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም፣ ሰውዬው ግንባሩን ቋጠረ።

እሱ እኮ ባሕሩ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ውሃው በ100 ዲግሪ ይፈላለታል። እኛ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነን። ውሃችን 93 አካባቢ ሲደርስ መንተክተክ ይጀምራል፣ ከዚያ በኋላ እሳቱን ብታነዱት ይተናል እንጂ አይሞቅም፤ ባቄላና ሽምብራ እዚህ የሚያስመሹን በከፊል ለዚህ ነው። ይህን ሁሉ እያላባችሁ በእንግሊዝኛ አስረዱ እስቲ! ከአፌ የወጣው «ሼፍ፣ አወር ዋተር ኢዝ ዊክ» ነው።

ሦስት ደቂቃ ጨመረልኝ። ወዲያው መብራት ሄደ።

ጎረቤቴ እማማ ግን ለካ ከበር ሆነው ያዳምጡ ነበር። የተቀጣጠለ የከሰል ምድጃ ይዘው ገቡ። «ልጄ፣ እንጀራህ ሊወጣ ሲል ጨለማ ውስጥ ትቆማለህ?» ድስቱን ራሳቸው ጣዱት። ከዚያ ሶሱን አዩት። «ውይ! የታመመ ሰው አለ እንዴ?» ከነጠላቸው ሥር የጃም ጠርሙስ አወጡና አንድ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ጣል አደረጉበት፤ ኮሰረቱና ኮረሪማው ቤቱን ሞላው። ካሜራ ፊት እማማን ተዉ ይባላል?

ሼፉ ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ ማን ናቸው አለኝ። ሱፐርቫይዘሬ ናቸው አልኩት። እሳቸው ደግሞ ስልኩ ላይ ጎንበስ ብለው «ጌታዬ፣ አደራ! ሱስ የለበትም፣ ይጾማል» ሲሉት ሰውዬው ፈገግ ያለ መሰለኝ። በደንብ ሳላየው ዳታዬ አለቀ።

ኤጀንሲው «እንደውልልሃለን» ብሎኛል። ሰፈሩ ግን መልስ አልጠበቀም። ዱባይ ልጅ ያለው ሁሉ ሽሮና ድርቆሽ እያንጠለጠለ ይመጣል፤ አልጋዬ ሥር ቦታ የለም። በሕጋችን ቪዛና ትኬት የአሠሪው ወጪ ነው፣ የበርበሬ ትርፍ ኪሎ የማን እንደሆነ የነገረኝ የለም። ትናንት አንዲት እናት አንድ ማዳበሪያ በርበሬ አስቀምጠውልኝ ሲወጡ ከደረጃው ዘወር አሉ፦

«ቪዛው እስኪመጣ ፀሐይ እያስመታህ፣ እሺ የኔ ልጅ? እንዳይሻግት።»