ስታቲስቲክስን ላልመረጡት ተማሪዎች ማስተማር፦ በመጀመሪያው ሴሚስተር ያበላሸሁት

በዩኒቨርሲቲዎቻችን «ሰርቪስ ኮርስ» የሚባለውን ሥራ፣ ማለትም የሌላ ትምህርት ክፍል ተማሪዎችን ማስተማርን፣ እኔ የለመድኩት ተሳስቼበት ነው። የስታቲስቲክስ መምህር ነኝ፤ እስካሁን ካስተማርኳቸው ውስጥ ግን ከራሴ ትምህርት ክፍል ልጆች ይልቅ የዕፅዋት ሳይንስ፣ የሶሲዮሎጂና የነርሲንግ ተማሪዎች ይበዛሉ። ይህን የምጽፈው በሚቀጥለው ሴሚስተር የመጀመሪያ ምደባው ለሚደርሰው ጀማሪ መምህር ነው፤ ለእኔ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረምና።

ምደባው የሚመጣው በተለመደው መንገድ ነው። ፈላጊው ትምህርት ክፍል ደብዳቤ ይጽፋል፤ የእኛ ኃላፊ ሎድ (የማስተማር ጭነት) ሲደለድል ነባሮቹ የሜጀርና የድኅረ ምረቃ ኮርሶቻቸውን ይይዛሉ፤ የተረፈው ለአዲሱ ይሰጣል። ለእኔ የተረፈው የሁለተኛ ዓመት የዕፅዋት ሳይንስ ተማሪዎች የስታቲስቲክስ መግቢያ ነበር፤ የደረሰኝም ትምህርት ከተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ኮርስ አውትላይኑን ከባልደረባዬ ፍላሽ ገልብጬ፣ የመማሪያ ክፍሉን ቁጥር ጠይቄ ገባሁ።

እስከ ሚድ ፈተናው ድረስ ሥራው የተሳካልኝ መስሎኝ ነበር። ለራሳችን ተማሪዎች የተዘጋጀውን ኖት ሳልነካካ ይዤ ስድስት ሳምንት በፕሮባቢሊቲ (በዕድል ስሌት) አሳለፍኩ፤ ሳንቲም ይወረወራል፣ ዳይስ ይንከባለላል፣ ከ52 ካርታ አንዱ ይመዘዛል። ልጆቹ ዝም ብለው ይጽፋሉ። ዝምታቸውን መግባባት አድርጌ ቆጠርኩት። ፈተናውንም እንዲሁ፣ የእኛ ተማሪዎች የተፈተኑትን ቁጥሩን ብቻ ለውጬ አባዛሁት።

ፈተናው በተጀመረ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ ቃሉ አልገባውም፤ ጎንበስ ብዬ በአማርኛ «ካርታ ማለት ነው» አልኩት። ጥቂት አሰበና «መምህር፣ የይዞታ ካርታ?» አለኝ። የሚያሾፍ መስሎኝ ልቆጣው ነበር፤ ፊቱን ሳየው ግን የምሩን ነው። ጥያቄውን ለመሥራት ካርታው በአራት ዓይነት እንደሚከፈል፣ በየዓይነቱ 13 እንዳለ፣ ግማሹ ቀይ ግማሹ ጥቁር መሆኑን ማወቅ የግድ ነበር፤ ይህ ልጅ ደግሞ፣ በኋላ እንደነገረኝ፣ ካርታ መጫወት ነውር ከሆነበት ቤት የመጣ ነው። ያን ጊዜ እንኳ አልነቃሁም። «ተረጋግተህ ሥራው» ብዬው አለፍኩ።

ፈተናው ከ30 የሚታረም ነበር፤ ከ74 ተማሪዎች 49ኙ ከ15 በታች አመጡ። ዛሬም የሚያሳፍረኝ ውጤቱን በሰሌዳው ላይ ስለጥፍ የተሰማኝ ኩራት ነው፤ «ጠንካራ መምህር» የሚያሰኝ መስሎኝ።

በሦስተኛው ቀን ተጠራሁ። በስብሰባው ላይ የእነሱ ትምህርት ክፍል ኃላፊ፣ የእኛ ኃላፊና እኔ ነበርን። የእነሱ ኃላፊ ገና ሳልቀመጥ «እኛ የምናሰለጥነው አግሮኖሚስት ነው እንጂ ቁማርተኛ አይደለም» አሉኝ። አነጋገራቸው ለረጅም ጊዜ ያስከፋኝ ነበር፤ እውነትነቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። የእኛ ኃላፊ በበኩሉ ያሳሰበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ችግር አታምጣብን፤ አምስት አምስት ጨምርላቸውና ይዘጋ።» ስብሰባው አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። የፈተና ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አንሥቶ ያነበበው ግን አልነበረም። ልጆቹ ምን እንደሚያውቁ፣ ምን እንደማያውቁ፣ ይህ ኮርስ ለየትኛው ቀጣይ ኮርስ እንደሚያዘጋጃቸው የጠየቀም የለም። ውሳኔው አምስት ነጥብ ለሁሉም ሆነ። በአንድ መረጃ ላይ ለእያንዳንዱ ቁጥር እኩል ቢደመር አማካዩ ከፍ ይላል እንጂ ስርጭቱ ፈጽሞ አይለወጥም፤ ይህንኑ ለልጆቹ በሦስተኛው ሳምንት አስተምሬአቸው ነበር። ስምንት ያመጣው አሥራ ሦስት አገኘ፤ ያልገባው ግን እንዳልገባው ቀረ። እኔም ፈርሜ ወጣሁ።

ንዴቱ ሲበርድልኝ አስቀድሜ ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ፤ የዕፅዋት ሳይንስን ሥርዓተ ትምህርት ተውሼ አነበብኩ። የእኔን ኮርስ ተከትሎ የሚመጣው የማሳ ሙከራ አነዳደፍ ነው። ልጆቹ ከእኔ የሚፈልጉት በመረጃ ውስጥ ያለ ልዩነት ምን እንደሆነ፣ አንድ ዝርያ ከሌላው በለጠ ለማለት ስንት መደብ (የሙከራ ቁራጭ መሬት) እንደሚበቃ፣ አማካዮችን የሚያወዳድሩት ቲ ቴስትና አኖቫ ምን እንደሚሉ ማወቅ ነበር። እኔ ግን እነዚህን በሴሚስተሩ መጨረሻ በሁለት ሳምንት ልሮጥባቸው አስቀምጬአቸው ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ክፍሉን ትቼ ወደ ሠርቶ ማሳያው ማሳ ወሰድኳቸው። የሁለት የጤፍ ዝርያዎችን ምርት ለማወዳደር መደቦቹን በብሎክ፣ ማለትም መሬታቸው በሚመሳሰል ቡድን፣ ለምን እንደምንከፍል በቀመር ላስረዳ ስጀምር፣ የይዞታ ካርታውን የጠየቀኝ ያው ልጅ ወደ ታችኛው ጫፍ እያመለከተ «መምህር፣ እዚያ ውኃ ይተኛል፣ ከላይ ታጥቦ የወረደው አፈርም እዚያው ነው የሚቀረው፤ አንዱን ዝርያ ከታች፣ አንዱን ከላይ ብቻ ከዘራን የምናወዳድረው ጤፉን ሳይሆን መሬቱን ነው» አለ። ለአራት ዓመት ሜጀር ሆኜ ስማር ብሎክን እንዲህ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳሌዬ ሁሉ ከማሳ ሆነ። በ2006 እ.ኤ.አ. የተለቀቀውን ቁንጮ የተባለ የጤፍ ዝርያ አነሣሁላቸው፤ ዱከም የተባለውን ዝርያ ምርታማነት ከማኛ ጤፍ ንጣት ጋር ለማጣመር የተዳቀለ ዝርያ ነውና «በለጠ የሚባለው በምን ማስረጃ ነው?» የሚለው ጥያቄ የራሳቸው ሆነ።

ደግሞ እኮ ይህ ትምህርት ከመሠረቱ የእነሱ ነው። ቲ ቴስትን በ1908 እ.ኤ.አ. «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም ያሳተመው ጎሴት የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ባለሙያ ነበር፤ ችግሩ ከጥቂት የገብስና የጠመቃ ናሙና እንዴት እንፍረድ የሚል ነው። የስታቲስቲክስ ሊቁ ፊሸርም አኖቫን ያዳበረው ከ1919 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእንግሊዝ አገር በሮትሃምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሲሠራ ነው። ከእርሻ የተወሰደውን ለእርሻ ልጆች በካርታ ማስተማር የእኔ ሞኝነት ነበር።

አሁን የምመክረው ከመመሪያው ጋር ላይስማማ ይችላል። አውትላይኑ ፕሮባቢሊቲን ስድስት ሳምንት ቢሰጠውም እኔ ከሁለት አላሳልፈውም፤ ጠያቂ ከመጣ የሚቀጥለውን ኮርስ መምህር ምስክር እጠራለሁ። ለተከታታይ ምዘና ተብሎ የሚሰጠውን የቡድን ሥራ ትቼዋለሁ፤ አምስት ስም የተጻፈበትን ወረቀት የሚሠራው አንድ ሰው ነው፣ ያውም ሁልጊዜ ያው ሰው። በምትኩ በየሳምንቱ የአሥር ደቂቃ ፈተና እሰጣለሁ፤ እርማቱ ቅዳሜዬን ይበላል። ሁለት ትምህርት ክፍሎችን በአንድ አዳራሽ አጣምረህ አስተምር ሲሉህ እምቢ በል፤ ለነርሷና ለአግሮኖሚስቱ በአንድ ጊዜ የሚሆን ምሳሌ ለማግኘት ብዙ ደክሜ አልተሳካልኝም። የመውጫ ፈተናው በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ተማሪዎች በመጀመሪያው ቀን «መውጫ ፈተና ላይ አለ?» ይላሉ፤ አትቆጣቸው፣ ነገር ግን መልሱን ከእነሱ ትምህርት ክፍል አስቀድመህ አጣርተህ ግባ።

ከሁሉ በፊት ግን ፈተናህን ከማባዛትህ በፊት ለባለቤቱ ትምህርት ክፍል አንድ መምህር አስነብበው። መመሪያው ይህን አይጠይቅም፤ አንዳንድ ባልደረቦቼም የመምህሩን ነፃነት መሸጥ ነው ይሉኛል። ይበሉኝ። እኔ የዚያን ሴሚስተር የ49 ልጆች ወረቀት ገና መሳቢያዬ ውስጥ አለኝ፤ የካርታው ጥያቄ በ31ዱ ላይ ባዶውን ነው።