ጋቢዋ ትቆይ
ትናንት ናይት ዲዩቲ ነበርኩ፣ ጠዋት ሱሉልታ ከታክሲ ስወርድ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ቤት ገብቼ ጋቢ ውስጥ ጥቅልል ስል የሌሊቷ እናት ትዝ አለችኝ። ልጇ የልብ ቫልቭ ተቀይሮላት ከኦአር (ከኦፕራሲዮን ክፍል) መውጣቷ ነው፣ እናት በር ላይ ቆማ «ሲስተር በናትሽ ይቺን ጋቢ ደርቢላት፣ በረዶ ሆናለች እኮ»።

እውነቷን ነው። ባይፓስ ማሽኑ ላይ (በኦፕራሲዮኑ ሰዓት የልብና የሳንባን ስራ የሚሰራው ነው) ደሙን ሆን ብለው ያቀዘቅዙታል፣ እንደ ኦፕራሲዮኑ ከ28 እስከ 34 ዲግሪ፣ ሰውነት ሲቀዘቅዝ ኦክስጅን የሚፈልገው ስለሚቀንስ ነው። ከማሽኑ ሳትወጣ መልሰው ያሞቋታል ግን ቶሎ የሚሞቀው መሃሉ ነው እጅና እግር ገና ቀዝቃዛ ነው፣ አይሲዩ (ጽኑ ሕሙማን ክፍል) እስክትደርስ የመሃሉ ሙቀት ወደ ዳር ዳር ይሄድና ራሱ መሃሉ ደግሞ ይወርዳል። እኛ ጋ ስትደርስ 35.1 ነበረች።

35 ትንሽ ይመስላል አይደል? ፕሌትሌቱ (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ሴል) ይሰንፋል፣ ደሙ እንደ ልብ አይረጋም፣ አይናችን ድሬኑ (ከደረቷ ደም የሚያወጣው ቱቦ) ላይ ነው። መንቀጥቀጥ ከጀመረች ደሞ ኦክስጅን ትጨርሳለች፣ ያንን ሁሉ የሚያደርስላት ደግሞ ገና አሁን የተሰፋው ልብ ነው።

ጋቢ ደግሞ (እናቶች አትቀየሙኝ) ያለሽን ሙቀት ነው የሚይዝልሽ፣ የሌለሽን አያመጣም። ስለዚህ ሞቅ ያለ አየር የሚነፋው ዋርመር ነው የሚለብሰው።

እሱም በልኩ ነው። አዲስ እያለሁ አንዱን በሽተኛ ቶሎ ላሙቀው ብዬ ዋርመሩን መጨረሻው ላይ አደረግኩት፣ ትንሽ ቆይቶ 110 የነበረው የደም ግፊቱ 70 ገባ፣ እኔ ደማ ብዬ ድሬኑን አያለሁ ድሬኑ ምንም የለውም። ሲኒየሯ መጥታ እግሩን ነካ አደረገችና «ቧንቧው ሰፋ እኮ፣ ውሃው ያው ነው፣ ፍሉይድ ጨምሪለት» አለችኝ። ጨብጦ የነበረው የደም ስር ሲሞቅ ተከፍቶ ነው። ከዛ ወዲህ ፍሉይዱን (በደም ስር የሚሰጠውን ፈሳሽ) አጠገቤ ሳላደርግ ዋርመር አላበራም፣ በሽተኛው 37 አካባቢ ሲደርስም አጠፋለሁ፣ ከዛ በላይ መጋል ለጭንቅላት ጥሩ አይደለም።

ልጅቷን ቀስ እያልን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ 36.6 አደረስናት። አውራ ጣቷን ስነካው ለብ ብሏል፣ ደስ አለኝ። እናትየዋን አስገባኋት፣ እግሯን ዳበሰች ዳበሰችና ዞር ብላ «ሲስተር፣ አሁንስ አልበዛባትም? ትንሽ ግለጪላት እንጂ»።