ቱባው የሚነፋበትን ሰዓት ስጠብቅ

ኦርኬስትራ ማዳመጥ ስጀምር የያዝኩትን ደብተር ሰሞኑን ገልጬ አነበብኩት። በአራት ኮንሰርቶች ውስጥ «ያምራል» የሚለውን ቃል አሥራ አንድ ጊዜ፣ «ልብ ይነካል» የሚለውን ደግሞ ስድስት ጊዜ ጽፌዋለሁ። የትኛው መሣሪያ እንዳማረ፣ ምን ሲሆን ልቤ እንደተነካ ግን አንድም መስመር የለም። ደብተሩ የሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ባለቤቱ አዳራሹ ውስጥ መግባቱንም እጠራጠር ነበር።

ስለዚህ ለዚህኛው ኮንሰርት አንድ ደንብ አወጣሁ፤ ማድነቅ ክልክል ነው። ማን ጀመረ፣ ማን ተቀበለው፣ ማን ዝም አለ፣ ይህንን ብቻ መመዝገብ። እዚህ የምጽፍላችሁ ደንቡን ይዤ ያሳለፍኳቸውን ሦስት የዝግጅት ሳምንታትና አንዱን ምሽት ነው። አብራችሁኝ ማዳመጥ የጀመራችሁ ሰዎች ሳትጠቀሙበት አትቀሩም።

ሥራው የአንቶኒን ድቮርዣክ ዘጠነኛ ሲምፎኒ ነው፤ «ከአዲሱ ዓለም» በሚለው ስሙ ይበልጥ ይታወቃል። ድቮርዣክ የቦሔሚያ (የዛሬዋ ቼክ) ሰው ሲሆን እ.ኤ.አ. ከ1892 እስከ 1895 ኒው ዮርክ ውስጥ የአንድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኖ ሠርቷል። ሲምፎኒውንም እዚያው ጽፎት ዲሴምበር 16 ቀን 1893 በካርኔጊ አዳራሽ ለሕዝብ ቀረበ። ከሌሎች ሥራዎች ይህንን የመረጥኩት በጥልቅ ምክንያት አልነበረም። የትኬቱ ዋጋ ኪሴን የማይጎዳ፣ ቀኑም እኔ ሥራ የማልገባበት ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ባከነ ማለት ይቻላል። ቅጂውን ከፍቼ ሽንኩርት እከትፋለሁ፤ ወጡ ሲደርስ ሲምፎኒውም ያልቃል፤ ከዚያ ምን ሰማህ ብባል መልስ የለኝም። በሁለተኛው ሳምንት አካሄዴን ቀየርኩ፤ በአንድ ምሽት አንድ መሣሪያ ብቻ። ሰኞ ኮንትራባሶቹን፣ ወፍራም ድምፅ ያላቸውን ትልልቅ የክር መሣሪያዎች፣ ልከተል ብዬ ተቀመጥኩ፤ ለካ በስልኬ ድምፅ ማጉያ ኮንትራባስ የሚባል ነገር የለም! ለወራት ሲምፎኒ ሳዳምጥ የቆየሁት መሠረቱ ተቆርጦ ነበር። የጆሮ ማዳመጫ ሳደርግ ከሥር አንድ ሙሉ ፎቅ ተገኘ። እስካሁን በስልክ የምታዳምጡ ካላችሁ፣ ከምመክራችሁ ነገር ሁሉ ይህ ይቅደም።

ረቡዕ የኢንግሊሽ ሆርን ምሽት ሆነ። ይህ መሣሪያ ስሙ ያሳስታል። ሆርንም አይደለም፣ የእንግሊዞችም አይደለም፤ ኦቦ ከተባለው የእንጨት ትንፋሽ መሣሪያ ረዘም ያለ ወንድሙ ነው፤ ጫፉ ላይ እንደ ሸክላ እንስራ ሆድ እብጥ ይላል። በሁለተኛው ክፍል፣ ላርጎ በሚባለው ዝግተኛ ክፍል፣ ታዋቂውን ዜማ የሚያወጣው እሱ ነው። ዜማውን ለአራተኛ ጊዜ ስሰማው አብሬው አንጎራጎርኩና ደነገጥኩ፤ አፌ የሄደው ወደ ትዝታ ነበር።

ክራሬን አወረድኩ። ስድስቱን ክሮች በትዝታ፣ በሜጀሩ፣ ቃኘሁና የዜማውን የመጀመሪያ ሐረግ ፈለግሁት። አንድም ክር ሳላጠብቅና ሳላላላ ወጣልኝ። ሐረጉ ሲደገምም ወጣ። ከዚያ መካከለኛው ሐረግ ላይ፣ ዜማው ወደ ላይ ወጥቶ ተመልሶ በሚወርድበት ቦታ፣ ጣቴ የሚነካው ክር አጣ። ድምፁ በሁለት ክሮች መካከል ባዶው ላይ ነው የሚኖረው፤ ፈረንጆቹ «ሲ» የሚሉት ሰባተኛው ድምፅ ነው፤ ትዝታ ደግሞ እሱን አያውቀውም። ድቮርዣክ አምስቱን ድምፆች ትቶ የወጣበትን ቦታ ማንም ሳይነግረኝ በጣቴ አገኘሁት። በዚያ ምሽት የተሰማኝን ደስታ ደንቤ ስለማይፈቅድ አልጻፍኩትም።

መቼም ይህንን ለአንድ ሀገር ሰው ብትነግሩት «ከእኛ ወስዶት ይሆናል» ማለቱ አይቀርም፤ እኔም ለአንድ ደቂቃ ያህል አምሮኝ ነበር። ግን አምስት ድምፅ ያለው ቅኝት በብዙ ሕዝቦች ዘንድ የሚገኝ ነው። ድቮርዣክ በአሜሪካ ሳለ የጥቁሮቹን መንፈሳዊ መዝሙሮች በጉጉት ይሰማ ነበር፤ ሃሪ በርሌይ የተባለ በትምህርት ቤቱ የሚማር ወጣት ጥቁር አሜሪካዊ ዘፋኝ እየዘመረለት። ለእኔ የሚጠቅመኝ ማን ከማን ወሰደ የሚለው አይደለም፤ ዜማውን የምይዝበት እጀታ ማግኘቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ላርጎ መጣ ሲባል ጣቶቼ ቀድመው ያውቁታል።

አሁን ወደ ምሽቱ። አዳራሹ የበርሊን ፊልሃርሞኒ ነው፤ ሃንስ ሻሩን የነደፈው፣ በ1963 የተከፈተ። ተመልካቹ ኦርኬስትራውን ዙሪያውን ከቦት ይቀመጣል። እኔ የያዝኩት ከኦርኬስትራው ጀርባ ያለውን መደዳ ነው፤ መዘምራን በሚኖሩበት ምሽት እነሱ የሚቀመጡበት፣ በማይኖሩበት ደግሞ በርካሽ የሚሸጥ ቦታ። መሪውን ፊት ለፊት ታዩታላችሁ፤ ተጫዋቾቹን ከነኖታቸው ከላይ ትመለከታላችሁ። ድምፁ ግን ተገልብጦ ነው የሚደርሳችሁ። ሆርን የድምፅ መውጫው ወደ ኋላ የዞረ የነሐስ መሣሪያ ስለሆነ አራቱም ሆርኖች በቀጥታ ወደ እኛ ይጮሃሉ። ቲምፓኒውም፣ ትልልቁ ከበሮ፣ እግራችን ሥር ነው። ቫዮሊኖቹ ደግሞ ከማዶ መንደር እንደሚሰማ ሠርግ ራቅ ይላሉ። መጀመሪያ በዋጋው ብቻ የገዛሁትን ቦታ አሁን ፈልጌ ነው የምገዛው፤ ለመማር ከዚህ የተሻለ ወንበር አላገኘሁም።

ከእረፍት በፊት ስለቀረበው ሥራ አልጽፍም፤ አልተዘጋጀሁበትም ነበር። በዚያው ክፍለ ጊዜ ግን አንድ ጥፋት ሠራሁ። ደብተሬን አውጥቼ እየጻፍኩ ሳለ ገጽ ገለበጥኩ፤ ሙዚቃው ዝግ ባለበት ቦታ ላይ። ያቺ ወረቀት በዚያ አዳራሽ ውስጥ እንደ ቆርቆሮ ጮኸች። አጠገቤ ያሉት አሮጊት ምንም አላሉም፤ ደብተሩን ብቻ ተመለከቱት። ከእረፍት በኋላ ደብተሩ ቦርሳ ውስጥ ገባ። ልጽፍ የምፈልገውን በጣቶቼ እየቆጠርኩ ያዝኩ፤ አምስት ጣት፣ አምስት ነገር። ከዚያ በላይ ቢሆን አልይዘውም ነበር፤ መያዝ እንደማያስፈልገኝም ገባኝ።

የመጀመሪያው ጣት ቱባ ነው፤ ከነሐስ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ትልቁና ወፍራም ድምፅ ያለው። ቱባው በቀጥታ ከሥሬ ነበር። በዚህ ሲምፎኒ ውስጥ ሥራው ላርጎው ላይ ብቻ፣ እዚያም ጥቂት ኖታዎች ብቻ እንደሆነ አንብቤ ስለነበር ዓይኔን ሰውዬው ላይ ተከልኩ። የመጀመሪያው ክፍል በቼሎዎች ቀስ ብሎ ተነሳ፤ ሆርኖቹ ወደ ላይ የሚወጣውን ጥሪያቸውን ነፉ፤ ትሮምቦኖቹ ሠሩ፤ ፍሉት ብቻዋን ወጥታ ተመለሰች፤ ሰውዬው ቱባውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ እጁን አጣምሮ ያዳምጣል። ክፍሉ ሲያልቅ ሳል ተሰማ፣ ወንበር ተንቋቋ። ያን ጊዜ ቱባውን አነሳ፤ ለብዙ ጊዜ ዝም ብሎ የቆየ ብረት ስለሚቀዘቅዝ ይመስለኛል፣ ድምፅ የሌለው ትንፋሽ በረጅሙ ላከበት።

ከዚያ መሪው እጁን አወረደ፤ ድምፅ ግን አልነበረም። እጁ ታች ደርሶ ካበቃ በኋላ፣ ዓይን ጨፍኖ የመክፈት ያህል ቆይቶ፣ ኮርዱ፣ አንድ ላይ የሚሰሙት ድምፆች፣ መጣ። ቅጂ ላይ ይህ ክፍተት አይታይም፤ እዚህ ግን እጁንም ትንፋሻቸውንም አንድ ላይ ስለማይ አየሁት። አሥር የሚሆኑ ሰዎች በዚያች ክፍተት ውስጥ እርስ በርስ እየተደማመጡ አብረው ይገባሉ። ኮርዶቹ ሰባት ናቸው፤ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ክላርኔት፣ ፋጎት፣ ሆርን፣ ትሮምቦን ይጋሯቸዋል፤ ከሁሉ ሥር ቱባው አለ። ጉልህ ሆኖ አይሰማም። ሰውዬው ወደ መጨረሻው ኮርድ ሲደርስ ግን የምደገፍበት እንጨት በጣም በጥቂቱ ይርገበገብ ነበር። የቱባ ድምፅ በእጅ መዳፍ ሲሰማ ይህ ለእኔ የመጀመሪያዬ ነው።

የኢንግሊሽ ሆርኗ ተጫዋች ዜማውን ስትጀምር ፊቷን ማየት አልቻልኩም፤ ጀርባዋን ነው ያየሁት። ጀርባ ግን ብዙ ይናገራል። የት እንደምትተነፍስ ከትከሻዋ አወቅሁ፤ ክራሬ ክር ያጣበት ቦታ ከመድረሱ በፊት ተነፈሰች። ሥሯ ያሉት የክር መሣሪያዎች ማፈኛ አድርገው ደጋናቸውን ሳይጎትቱት ነበር የሚመስለው።

ላርጎው ወደ ማብቂያው ሲቃረብ የሚሆነውን በቅጂ ብዙ ጊዜ ሰምቼው ነበር፤ አዳራሽ ውስጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ያው ዜማ ወደ ክር መሣሪያዎቹ ይመለሳል፤ ግን ከጓዱ የሚጫወቱት ጥቂቶች ብቻ ናቸው። መሐል ላይ ቆም ይላል። ትንሽ ይሄድና እንደገና ይቆማል። ቤት ስሰማው እነዚህን ዝምታዎች ኢንተርኔቱ የተቆራረጠ መስሎኝ ስልኬን አንስቼ አውቃለሁ፤ ስቁብኝ። አዳራሹ ውስጥ ሁለት ሺህ ሰው ሳል እየዋጠ ነበር የሚጠብቀው። ሰባቱ ኮርዶች በሌላ መልክ ተመልሰው ቱባው ለመጨረሻ ጊዜ ሲነፋ፣ ከዚያም ከእኔ በስተግራ ያሉት ኮንትራባሶች ለብቻቸው ቀሩ። ለአራት ተከፍለው አንድ ኮርድ ያሰማሉ። ከመላው ኦርኬስትራ እጅግ ወፍራሞቹ መሣሪያዎች በዚያ ምሽት እጅግ ቀጭኑን ድምፅ አወጡ። ክፍሉም በዚያው አለቀ።

ሰውዬው ቱባውን ወለል ላይ አስቀመጠው። ከዚያ በኋላ አላነሳውም። የመጨረሻው ክፍል ላይ ትሮምቦኖቹ ጉንጫቸው ቀልቶ ሲጮሁ፣ ቱባ እንዲገባ የሚጠብቅ ጆሮ ሁሉ በሚጠብቅበት ሰዓት እንኳ፣ እጁን አጣምሮ ተቀምጧል።

ሦስተኛውን ክፍል በፍጥነት ልለፈው፤ ፈጣን ነው፣ ትሪያንግል አለበት፤ ያቺ ጣት የማታክል ብረት ከመላው ኦርኬስትራ በላይ ትሰማለች። ትሪያንግሉን የሚመታውን ሰው ግን ያዙልኝ፤ ቀጥሎ የሚመጣው የእሱ ጉዳይ ነው።

በአራተኛው ክፍል ውስጥ ሲምባል፣ እርስ በርስ የሚነካኩት ሁለት የብረት ሳህኖች፣ አንድ ጊዜ ይመታል። በመላው ሲምፎኒ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ። ደግሞም የሚያንቀጠቅጥ ምት አይደለም፤ ለስለስ ያለ ነው፤ ወዲያው ክላርኔቱ ረጅሙን ዜማውን ይጀምራል። ቤት ሳለሁ ይህንን ምት ዘጠኝ ቀን ፈልጌ አጥቼው ነበር። ማስታወቂያ የሚነግር ትልቅ ምት ስጠብቅ እሱ በአጠገቤ ያልፋል። በአሥረኛው ቀን ክላርኔቱን ይዤ ወደ ኋላ እየመለስኩ ነው ያገኘሁት።

አዳራሹ ውስጥ የትሪያንግሉ ሰው ቀድሞ ተነሳ። ሁለቱን ሳህኖች ደረቱ ላይ ይዞ ቆመ። ፊቱ የሚቆጥር ሰው ፊት ነው። ይህንን ፊት ከዚህ በፊት የት እንዳየሁት ወዲያው መጣልኝ፤ ልጅ ሆኜ ማሕሌት ላይ። ቁም ዜማው ሲባል ከበሮው ዝም ብሎ ተቀምጦ ነው፤ በዝማሜው መቋሚያው ብቻ ይወዛወዛል፤ ከበሮ የሚይዘው ዲያቆን መረግዱ እስኪደርስ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይጠብቃል። ያኔ «ለምን አይመታም?» ብዬ አያቴን ስጠይቃቸው፣ «እየመታ ነው፣ ልጄ፤ በልቡ» ብለውኝ ነበር። የሲምባሉ ሰው ሁለቱን ሳህኖች አነካካቸው፣ ከፍ አድርጎ ያዛቸው፣ ድምፁ ሲሞት ደረቱ ላይ አፈናቸው። ክላርኔቱ ገባ። አጠገቤ ያሉት አሮጊት ሳይዞሩ አንድ ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሳቸውም ሲጠብቁት ነበር ማለት ነው። የወረቀቱን ነገር ይቅር ያሉኝ በዚያች ቅጽበት ይመስለኛል።

መጨረሻው ላይ ሁሉም በኃይል ይጫወታሉ፤ ከዚያ የክር መሣሪያዎቹ ደጋን ይነሳል፤ የመጨረሻውን ኮርድ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ብቻቸውን ይዘውት ይቆያሉ፤ እየሳሳ ይሄዳል። መሪው እጁን ያወረደው ድምፁ ካለቀ በኋላ ነበር። የመጀመሪያው ጭብጨባ ግን ከእጁ ቀድሞ፣ ከላይኛው በረንዳ መጣ።

በባቡር ውስጥ አምስቱን ጣቶቼን ደብተሬ ላይ አራገፍኳቸው፤ ቱባ፣ በእጅና በኮርድ መካከል ያለው ክፍተት፣ የኢንግሊሽ ሆርኗ ትከሻ፣ ኮንትራባሶቹ፣ ሲምባል። ሁለት ገጽ ሞላ፤ «ያምራል» የለበትም። ያመለጠኝም አለ። በመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ሁለተኛው ፍሉት ለአጭር ጊዜ ፒኮሎ፣ ትንሿን ፍሉት፣ እንደሚያነሳ አንብቤ ነበር፤ ዓይኔ ቱባው ላይ ስለነበረ አላየሁትም፤ በጆሮዬም አልለየሁትም። በሚቀጥለው ወር ይኸው ሥራ በሌላ ኦርኬስትራ ይቀርባልና ትኬት ይዣለሁ፤ ያው መደዳ፣ ከፍሉቶቹ በኩል። ቦታውን የምታውቁት ካላችሁ እስከዚያ እንዳትነግሩኝ።