ከውስጥ ያልተከፈተው የኋላ በር

ነሐሴ ወር ነው፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ። ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ጋራዥ በር ላይ አንዲት አነስተኛ አውቶማቲክ የቤት መኪና መጥታ ቆመች። ከመኪናዋ ሽታዋ ቀደመ። የተቃጠለ የፍሬን ፓድ ሽታ የለመደው አፍንጫ ከሌላ ሽታ ጋር አያምታታውም። አምስት ሰው ይዛለች፦ ባል፣ ሚስት፣ የባል እናትና ሁለት ልጆች። ከደሴ እየወረዱ ነው። ባልየው ገና ከመውረዱ፣

“ፍሬን እምቢ ብሎኝ ነው፤ ፓዱን ቀይሩልኝ” አለ።

ሚስቱ ግን ስለ ፍሬኑ ምንም አላለችም። የኋላውን በር በእጇ እየመታች፣ “ይኼ በር ከውስጥ አይከፈትም። ጭሱን እያየሁ ልጆቼን ይዤ እዚያው ልቀር ነበር” አለች። ድምፅዋ ገና አልረጋም ነበር።

ጋራዥ ውስጥ እነዚህ ሁለት አቤቱታዎች ለሁለት የተለያዩ ሰዎች ነው የሚሰጡት፤ አንዱ ለመካኒክ፣ ሌላው ለኤሌክትሪሽያን። ዋናው መካኒክ ግን ክሪክም ካቻቢቴም ሳያነሳ አንድ ጥያቄ ጠየቀ።

“ጋሼ፣ ቁልቁለቱን ስትወርዱ ማርሹ ምን ላይ ነበር?”

“ዲ ላይ ነዋ! አውቶማቲክ አይደል እንዴ? ራሱ ይቀይራል።”

ዲ የዘወትር መንጃው ማርሽ ነው። ፍሬኑን ያቃጠለው ግን ይህ እምነት ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ራሱ ይቀይራል መባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚቀይረው በፍጥነቱና በነዳጅ ፔዳሉ ላይ ተመሥርቶ ነው። ቁልቁለት ላይ እግር ከነዳጅ ተነሥቶ ፍጥነት ሲጨምር፣ ብዙዎቹ ካምቢዮዎች “መንገዱ ቀለለ” ብለው ወደ ከፍተኛው ማርሽ ይወጣሉ። ያኔ ሞተሩ መኪናዋን የመያዝ አቅሙ ይሟሽሽና ሸክሙ በሙሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል።

ሸክሙ ስንት እንደሆነ ማስላት ይቻላል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በዚያች አጭር መንገድ 650 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረዳል። አምስት ሰው የጫነች አነስተኛ መኪና ከነሰዎቹ 1,400 ኪሎ ግራም ብትመዝን፣ ከዚያ ከፍታ ስትወርድ የምታራግፈው ጉልበት 2.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠጋል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለ ዕረፍት 40 ደቂቃ ያህል ሲጋገርበት የሚበላው ማለት ነው። ጥቂቱን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል። የቀረውን ወይ ሞተሩ ይሸከመዋል ወይ ፍሬኑ። በዚያ ጠዋት ምጣዱ የተጣደው ፍሬኑ ላይ ነበር።

ዶሮ መዝለያ የሚባለውን ቦታ ካለፉ በኋላ አንድ ኩርባ ላይ ፔዳሉ ስፖንጅ እንደመርገጥ ሆነና ወለል ድረስ ገባ። ባልየው በድንጋጤ ደጋግሞ ረገጠው፤ የእጅ ፍሬኑንም ሳበ። መኪናዋ በተራራው በኩል ተጠግታ ቆመች። ሁለቱም ሳያውቀው ያደረጋቸው ትክክለኛ ነገሮች ናቸው። ፔዳሉ ሲሰምጥ ቶሎ ቶሎ መርገጥ የተወሰነ ግፊት ይመልሳል። የእጅ ፍሬኑ ደግሞ በአብዛኞቹ ትንንሽ መኪኖች የኋላ ጎማዎችን የሚይዘው በሽቦ ስለሆነ የፍሬን ዘይቱ ቢፈላም ይሠራል። አሳሳቡ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ ጫፉ ላይ ያለውን ቁልፍ በአውራ ጣት ተጭኖ እንደያዙ ቀስ እያሉ መሳብ ነው። በአንድ ጊዜ ከተመነጨቀ፣ በተለይ በዝናብ፣ የኋላ ጎማዎች ይታሰሩና መኪናዋ ትዞራለች። መኪናዋ ሳትቆም ሞተሩን ማጥፋት አይገባም፤ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑን የሚያግዘው ኃይልም ያልቃል።

መካኒኩ ጎማዎቹን ሲፈታ የፊት ዲስኮቹ እንደ ጥንዚዛ ጀርባ ሰማያዊ ሆነዋል። ፓዶቹ ገና ወፍራም ናቸው፤ አላለቁም። ፊታቸው ግን እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። እንዲህ የሆነ ፓድ ውፍረት ቢኖረውም ዲስኩን አይነክስም፤ ይንሸራተታል። የፍሬን ዘይቱ ደግሞ የቆየ ጠላ መስሏል። አዲስ ሲሆን ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው።

ፔዳሉን ያሰመጠው ዘይቱ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ነው፤ ውሃ ሲገባበት ግን ይህ እስከ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ሲፈላ ቱቦው ውስጥ አረፋ ይፈጠራል፤ ዘይት ሲጫኑት አይጨመቅም፣ አረፋ ግን ይጨመቃል። ባልየው ሲረግጥ የነበረው አረፋውን ነው። ግማሽ ሰዓት ቆመው ሲቀዘቅዝ አረፋው ተመልሶ ፈሳሽ ስለሆነ ፔዳሉ ተመለሰ፤ “ደህና ሆነ” ብለው ጉዟቸውን የቀጠሉትም ለዚህ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ አንድም መብራት አልበራም። ሊበራም አይችልም፤ ያ ቀይ የፍሬን መብራት የሚያየው የእጅ ፍሬኑ መሳቡንና የዘይቱን መጠን እንጂ ሙቀቱን አይደለም። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ መለወጥ ነው መድኃኒቱ። ለአነስተኛ መኪና 1 ሊትር ይበቃል፤ በየጎማው አየሩ እስኪወጣና አዲሱ ዘይት ጠርቶ እስኪፈስ ድረስ። ከላይ መጨመር ብቻውን ምንም አይለውጥም፣ አሮጌው ዘይት የሚፈላው ታች ጎማው ጋ ነውና።

የበሩ ጉዳይ ግን ከዚህም በላይ ሊታሰብበት ይገባል።

መኪናዋ እንደቆመች ከፊት ጎማዎቹ ጭስ ወጣ። ባልየው ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቁልፉን ነቅሎ ዘሎ ወረደ። ከዚያ የኋላውን በር ከውጭ ሲስብ አልከፈት አለው። ሚስቱ ከውስጥ ትስባለች፤ አይከፈትም። የመስታወቱን ቁልፍ ትጫናለች፤ አይንቀሳቀስም። ልጆቹ ማልቀስ ጀመሩ። ፊት የተቀመጡት አሮጊት የትኛውን እንደሚጫኑ አያውቁም። ያዳናቸው ከኋላ የመጣ የአይሱዙ ሹፌር ነው። ሮጦ ደረሰና እጁን በተከፈተው የሹፌር በር አስገብቶ አንድ ቁልፍ ተጫነ፤ አራቱም በሮች ቀጭ አሉ።

ምንም የተበላሸ ነገር አልነበረም። አራት ጤነኛ መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ ሥራቸውን ሠርተው ነው።

አንደኛ፣ መኪናዋ መንቀሳቀስ ስትጀምር በሮቿን ራሷ ትቆልፋለች። በአንዳንዱ መኪና ማርሽ ከፒ (ከማቆሚያው) ሲወጣ፣ በአንዳንዱ ፍጥነቱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ነው። ሁለተኛ፣ ሹፌሩ የራሱን በር ከውስጥ ሲስብ በብዙ መኪኖች የሚከፈተው የእሱ በር ብቻ ነው፤ የቀሩት እንደተቆለፉ ይቆያሉ። ስለዚህ ከውጭ ቢስብም አልሆነለትም። ሦስተኛው የልጅ መቆለፊያው ነው። የኋላ በር ሲከፈት ጠርዙ ላይ፣ ከመቆለፊያው ብረት አጠገብ፣ ትንሽ ምላስ ወይም በቁልፍ ጫፍ የምትዞር ቀዳዳ አለች፤ ብዙ ጊዜ የልጅ ሥዕል አለባት። እሷ ከበራች በሩ ከውስጥ በምንም አይከፈትም። የበሩ መቆለፊያ ቢነሣ እንኳ መክፈት የሚቻለው ከውጭ ብቻ ነው። ይህች መኪና ሁለተኛ እጅ የተገዛች ናት፤ ምላሷን ያበራው የቀድሞው ባለቤት ነው። ቤተሰቡ ለስምንት ወር ሲጠቀምባት አላወቀም፣ ልጆቹን ሁልጊዜ ከውጭ እየከፈተ የሚያወርዳቸው አባት ነውና።

አራተኛው የመስታወት መቆለፊያ ነው። በሹፌሩ በር ላይ ካሉት የመስታወት ቁልፎች አጠገብ የተሰረዘ መስታወት ሥዕል ያለባት ቁልፍ ተጭናለች። ያኔ የኋላ ቁልፎች በድን ናቸው። ባትጫንም ኖሮ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ መስታወቱ የሚሠራው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ የፊት በር ሲከፈት ደግሞ በብዙ መኪኖች ወዲያው ይቋረጣል። (በነገራችን ላይ፣ “የመስታወቱ ሞተር ተቃጥሏል” ተብሎ የበር ሽፋን ከመፈታቱ በፊት ይህችን ቁልፍ ማየት ያስፈልጋል። በዚህች ምክንያት ያላግባብ የተፈታ ሽፋን ክሊፑ ይሰበራል፤ ከዚያ በኋላ መንገድ ሁሉ ሲንኳኳ ይኖራል።)

ኤሌክትሪሽያኑ ይህን ሁሉ ያሳየው ለባልየው ሳይሆን ለሚስቱ ነው። ትክክል አድርጓል፤ ኋላ የምትቀመጠው እሷ ናት። “እትዬ፣ ግቡና ከውስጥ ይሞክሩት” አላት። በሩን ዘጋ። ሳበች፤ እምቢ አለ። ከዚያ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል እጇን ዘርግታ የሹፌሩን በር ቁልፍ እንድትጫን አደረገ። አልደረሰችበትም። ተንጠራርታ፣ ጉልበቷን ወንበሩ ላይ አድርጋ ደገመችው፤ ቀጭ አለ። በሩ ግን አሁንም ከውስጥ አልከፈት አለ። መስታወቱን አወረደች፣ እጇን ወደ ውጭ አውጥታ የውጩን እጀታ ስትስብ ተከፈተ። ሦስት ጊዜ ደጋገመችው። ቀጥሎ ሞተሩ ጠፍቶ መስታወቱ እንቢ ሲል በፊት ወንበሮች መካከል ተሻግራ በፊት በር ወጣች፤ ቀሚስ ለብሳ እንዴት እንደሚቻልም እዚያው አወቀችው።

አሮጊቷ ከጋራዡ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆነው፣ “አብሽሪ ልጄ፣ አላህ አትርፎናል” ይሏት ነበር። ከዚያ ግን ተነሥተው፣ “ለእኔም አሳየኝ እንጂ” አሉት ኤሌክትሪሽያኑን። የፊት በራቸውን ቁልፍ በጣታቸው አስነካቸው።

ፓዱ እስኪመጣ መካኒኩ ከባልየው ጋር ማርሹ ላይ ተነጋገረ። ከዲ በታች በአንዳንዱ መኪና 2 እና ኤል፣ በአንዳንዱ 3 ጨምሮ፣ በሌላው ኤስ እና ቢ ይጻፋል። ማርሹ ጎን ላይ ኦ ዲ የሚል ቁልፍ ካለ፣ እሱን መጫን ከፍተኛውን ማርሽ ይከለክላል፤ ለቀላል ቁልቁለት እሱ ብቻ ይበቃል። ዝቅተኛ ማርሽ የሚገባው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ፍጥነቱን ወደ 40 አውርዶ ነው፤ አንድ ደረጃ፣ ከዚያ ሌላ ደረጃ። እርጥብ አስፋልት ላይ በአንድ ጊዜ ወደ ኤል መጣል ጎማ ያንሸራትታል። ፍሬን ደግሞ ጠንከር ተደርጎ ይረገጥና ፍጥነቱ በ10 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀንስ ሙሉ በሙሉ ይለቀቃል። ለስለስ ተደርጎ ያለማቋረጥ ሲረገጥ ነው የሚቃጠለው፣ መቀዝቀዣ ጊዜ አያገኝምና።

“ሞተሩ ይጮሃል እኮ። ነዳጁስ?”

ሁሉም የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ሞተሩ 3,000 ወይም 4,000 ዙር ላይ ቢጮህ አይጎዳም፤ ቀዩ መስመር ገና ሩቅ ነው። ነዳጁ ደግሞ ከሚታሰበው ተገላቢጦሽ ነው። ኢንጀክተር (ነዳጅ መርጫ) ያለው ሞተር ማርሽ ላይ ሆኖ እግር ከፔዳል ሲነሣ ነዳጁን ይቆርጣል፤ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸውና። ነዳጅ የሚቆጥቡ መስሏቸው ኤን ላይ፣ ማለትም ፎሌ አድርገው የሚወርዱት ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይከፍላሉ፤ ፍሬናቸውንም በላዩ።

ጭጋጉንም አነሡት። ደሴ ላይ ነሐሴ ያለ ጭጋግ አያልፍም። ባልየው አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ ነበር የነዳው፤ ያኔ ወደ ግራ ይሁን ወደ ቀኝ እንደሚታጠፍ ከኋላ ያለው አያውቅም። ዝቅተኛው የፊት መብራት ነው የሚበቃው፤ ረጅሙ ጭጋጉ ላይ ተንጸባርቆ ራስን ያሳውራል። መስታወቱ ከውስጥ ሲደበዝዝ በጨርቅ ይጠርግ ነበር፤ ብርድ ነው ብሎ ኤሲውን ዘግቶ፣ አየሩም እዚያው እንዲዞር አድርጎ። ኤሲ እኮ አየሩን ያደርቃል። ኤሲ ይከፈታል፣ ሙቀቱ ከፍ ይላል፣ አየሩ ከውጭ እንዲገባ ይደረጋል፣ ንፋሱ ወደ ፊት መስታወቱ ይዞራል፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ፓዱ ተቀየረ፣ ዲስኮቹ ተለክተው ጠርዛቸው ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ውፍረት በላይ ስለሆኑ ተስተካክለው ተመለሱ፣ ዘይቱ ተለወጠ። ጋራዡ ከዚያ ወዲህ መኪና ሲያስረክብ ቁልፉን ለሹፌሩ ብቻ አይሰጥም፤ ኋላ የሚቀመጠውንም ሰው አስገብቶ በሩን ይዘጋበታል።

ሊሄዱ ሲሉ ሚስትየዋ የኋላ በሮቹን ከፍታ ሁለቱን ምላሶች ራሷ አየቻቸው። የአራት ዓመቱ ልጅ በሚቀመጥበት በግራ በኩል ያለውን እንደበራ ተወችው። በእሷ በኩል ያለውን በቁልፉ ጫፍ አዞረችና ገብታ ዘጋች። ከውስጥ ከፈተች። ዘጋች። አንድ ጊዜ ደግማ ከፈተች።