ሳጥኑ ከመሪው ሲሰፋ

ድሬዳዋ፣ ከፊራ ገበያ ውስጥ ድንች የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ሚዛናቸው ትልቅ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከሞተር ሳይክሌ ጎን የሚታሰሩ ሁለት የአሉሚኒየም ሳጥኖች ተሸክሜ ሄድኩና "እማማ፣ እስኪ መዝኚልኝ" አልኳቸው። ድሬ ላይ ፊት ለፊት አንቱታ ብዙም አያስኬድም። ከአዲስ አበባ የመጣሁ ሰሞን "እርስዎ" እያልኩ ስንቱን አስቄያለሁ።

ክዳኑን ከፍተው አዩ። ባዶ ነው። ሁለተኛውንም ከፈቱ።

"ምንም የለበትም እኮ ልጄ። ምኑን ነው የምመዝነው?"

"ሳጥኑን።"

ከነማሰሪያ ብረታቸው 17 ኪሎ። እሳቸው ሳቁ፣ እኔ አልሳቅኩም።

ሞተሬ ያማሃ ኤክስቲ 250 ናት። ከአንድ ከተዘጋ ፕሮጀክት በጨረታ ነው የገዛኋት። ለአስፋልትም ለፒስታም የምትሆን፣ ቀጭን፣ በአየር የምትቀዘቅዝ ሞተር ናት። ከነቤንዚኗ 132 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። ታንከሯ 10 ሊትር አይሞላም፤ ጢም ብትል እንኳን የቤንዚኑ ክብደት ከ7 ኪሎ ብዙም አይበልጥም። ሳጥኖቹ እንግዲህ አንድ ሸሚዝ ሳይገባባቸው ከሁለት ታንከር ቤንዚን በላይ ይከብዳሉ። ይህን ሂሳብ ከመግዛቴ በፊት መስራት ነበረብኝ። የሰራሁት ግን ከወደቅኩ በኋላ ነው።

እውነቱን ለመናገር የገዛኋቸው በዓይኔ ነው። በየፎቶው የማያቸው ትልልቅ ሞተሮች ግራና ቀኝ የሚያብረቀርቅ ሳጥን ሲያንጠለጥሉ እንዴት ያምራሉ! ያገለገሉትን ከአንድ ወዳጄ አገኘሁና ያለኝን ብር ዘርግፌ ሰጠሁት። የመሪዋን የእጅ መከላከያና የኢንጂኗን ሆድ መከላከያ "ቀጥሎ እገዛለሁ" አልኩ።

የመጀመሪያውን ትምህርት የሰጠኝ አንድ ባጃጅ ነው። መጋላ ሰፈር ውስጥ፣ ፀሐይ ሲበረታ፣ በሁለት ባጃጆች መሃል ልሾልክ ሞከርኩ። መሪዬ አለፈ። ከዚያ ከኋላ "ቋ!" የሚል ድምፅ መጣ። ቤት ገብቼ በሜትር ስለካው መሪዬ 80 ሳንቲም፣ ሳጥኖቹ ከዳር እስከ ዳር 98 ሳንቲም ናቸው። ሞተር ነጂ የሚለካው በመሪው ነው። መሪው ካለፈ ሁሉም ያለፈ ይመስለዋል። ባለ ባጃጁ ወርዶ የተጫረውን በር አየ፣ ከዚያ ሳጥኖቼን አየ። "አቦ! ይሄ ሞተር ነው አይሱዙ?" አለኝ። ለቀለም የሚሆን ልሰጠው እጄን ኪሴ ሳስገባ እጁን አወናጭፎ ሄደ።

ሁለተኛው ትምህርት ደቻቱ ላይ ነው። የድሬን ልጅ ደቻቱ ምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቁት ሁለት ነገር ይነግራችኋል። አንደኛው ከዚራን ከመጋላ የሚለይ ደረቅ የአሸዋ ወንዝ መሆኑን ነው። ሁለተኛው በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ ሰው በተኛበት ሌሊት የመጣውን ጎርፍ ነው። ከ250 በላይ ሰው የሞተበት ጎርፍ ነው። በሌላው ጊዜ ግን ሜዳ ነው፤ ኳስ ይጠለዝበታል፣ ፍየል ይነዳበታል። እኔም አሸዋ ላይ መንዳት ልለማመድ እሁድ በጠዋት ወረድኩ።

ፍጥነቴ የእግረኛ ነበር። የፊት ጎማው አሸዋው ውስጥ ሰመጠ፤ እንደለመድኩት ግራ እግሬን መሬት ላይ አሳረፍኩ። ሳጥን የሌላት ቀላል ሞተር ላይ ይህ ትክክል ነው፤ በእግርህ እየቀዘፍክ ትወጣለህ። ሞተሯ ግን ወደፊት ትንሽ ገፋ አለች። የግራው ሳጥን ከኋላ መጥቶ ባቴን ያዘውና ወደ አሸዋው ተጫነው። ከዚያ ተያይዘን ወደቅን። አሸዋ ባይሆን፣ ድንጋይ ቢሆን፣ አጥንቴ ይተርፍ ነበር ብዬ አላስብም። ኳስ ሲጫወቱ የነበሩ ልጆች መጥተው ሞተሯን አነሱልኝ። አንዱ የተሰበረ የፍሪሲዮን እጀታ ከአሸዋው ውስጥ አንስቶ "ይሄ ያንተ ነው?" አለኝ። የእኔ ነው።

ሳጥኑ? ምንም አልሆነም። አቧራ ብቻ።

እየገፋሁ ሳቢያን አካባቢ ወደማውቀው በያጅ ሄድኩ። እጀታውን ካየ በኋላ ከንፈሩን መጠጠ፣ ሞተሯን ዞሮ ዞሮ አያት፣ ከስሯ ገብቶ ተንጋለለ። የዘይት መውረጃውን ቡሎን በጣቱ ነካ ነካ አደረገና "ይሄ ሆዷ ራቁቱን ነው። ድንጋይ አንዴ ቢነካው ዘይትህ መንገድ ላይ ይቀራል። አንተ ደግሞ ለልብስህ ሳጥን ገዝተህላታል" አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ ሦስት ቅዳሜ ፈጅተን ሰራነው። ለሆዷ 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ አጠፈላት። መጀመሪያ የገባኝ ነገር ላሜራው ኢንጂኑ ላይ ሳይሆን ሻንሲው ላይ መታሰር እንዳለበት ነው። መሃላቸው ክፍተት ይኖራል፤ ድንጋዩ ሲመታው ምቱ ወደ ሻንሲው ይሄዳል እንጂ ኢንጂኑን አያገኘውም። ብዙ ቀዳዳ አበጀለት። የእኔ ሞተር የምትቀዘቅዘው በነፋስ ስለሆነ፣ ጭቃ እዚያ መሃል ገብቶ ቢደርቅ ብርድ ልብስ እንደማልበስ ነው። አንድ ትልቅ ቀዳዳ ደግሞ በዘይት መውረጃው ትይዩ፤ ዘይት በተቀየረ ቁጥር ላሜራ መፍታት እንዳይኖር። ብረቱ ከብረት በሚነካካበት ቦታ ሁሉ ያረጀ የከባድ መኪና ካላማዳሪ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ) ቆርጦ ጣል አደረገበት። ያለዚያ እንደ ቆርቆሮ ቤት ትጮሃለች።

ስለ ጎኑ ፓራውልት፣ ስትወድቅ ከጎን ስለሚይዛት የቱቦ መከላከያ፣ ስንነጋገር ተጣላን ማለት ይቻላል። እኔ ወፍራም ቱቦ ፈለግኩ። እሱ አይሆንም አለ።

"ጠንካራ ነው የምፈልገው" አልኩት።

"ከሻንሲው አጠንክሬ ብሰራው፣ ስትወድቅ የሚጣመመው ምንድን ነው?"

ዝም አልኩ።

"ሻንሲው! ይሄ ቱቦ ቢጣመም እኔ ጋ ታመጣዋለህ፣ አቃናዋለሁ። ሻንሲ ግን የት ትወስደዋለህ?"

በየአንዳንዱ ጎን ሦስት ቦታ ላይ የሚያዝ፣ ብዙም ያልወፈረ ቱቦ ሆነ።

የእጅ መከላከያውን ገዛሁ። ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ፕላስቲክ ብቻ ነው፤ በአንድ ቡሎን ይያዝና ነፋስና ቅርንጫፍ ይከላከላል። ሲወድቁ ግን አብሮ ይታጠፋል። ሁለተኛው ውስጡ የአሉሚኒየም አጥንት ያለው፣ አንድ ጫፉ መሪው ጫፍ ላይ፣ ሌላው ወደ መሃል የሚታሰር ነው። ይህ ነው ለእጀታ የሚደርሰው። በያጁ አንድ ነገር ጨመረልኝ። የእጀታውን ማቀፊያ ቡሎን ድርቅ አድርጎ ማጥበቅ አያስፈልግም፤ በእጅ ሲገፉት በግድ የሚዞር ያህል ቢላላ፣ ሲመታ ይዞራል እንጂ አይሰበርም። ይህች ምክር ነፃ ነበረች፤ ከሁሉም በላይ የጠቀመችኝ ግን እሷ ናት።

ሳጥኑ መጨረሻ መጣ። ትልልቆቹን ሸጥኩ፣ ትንሽ ከስሬ። ፕላስቲክ አስቤ ነበር። ዕቃ አድራሾች ከኋላ የሚጭኑት ጥቁሩ ሳጥን ለአስፋልት ምንም አይወጣለትም፤ ቀላል ነው፣ ይቆለፋል። ፒስታ ላይ ግን ከተሰነጠቀ አለቀለት። አሉሚኒየም ሲጎብጥ በድንጋይም ቢሆን ቀጥቅጠህ ክዳኑን ትዘጋለህ። ስለዚህ 1.5 ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም ላሜራ ገዝተን በሪቬት አሰራን። እዚህ ሁሉም በያጅ ቤት ያለው ተራ የኤሌክትሪክ ብየዳ ለአሉሚኒየም አይሆንም። ማሰሪያው ግን የብረት ቱቦ ነው፤ ቢሰበር የትም ከተማ ይበየዳል።

መጠኑን ከመሪው ተነስተን አወጣነው። ርዝመቱ 40፣ ከፍታው 30፣ ውፍረቱ 18 ሳንቲም፤ ወደ 21 ሊትር ተኩል። በቀኝ በኩል ማርሚታው (የጭስ መውጫው) ስላለ የቀኙ ሳጥን ከስር በኩል ጎድጎድ ተደርጎ ተቆረጠ፣ በመሃላቸውም ሁለት ጣት አየር ተተወ። ታስረው ሲለኩ 78 ሳንቲም። ከመሪው በ2 ሳንቲም አነሱ። የታሰሩት ዝቅ ብለውና ወደ ፊት ተጠግተው ነው፤ ወደ ኋላ በራቁ ቁጥር የፊት ጎማ ይቀላል፣ መሪውም መወዛወዝ ይጀምራል። ክዳናቸው ከላይ ነው የሚከፈተው። በጎን የሚከፈት ሳጥን መንገድ ዳር ስትከፍተው የውስጥ ልብስህን ለሕዝብ ያሰጣል።

ከኋላ መቀመጫው ላይ ትንሽ ፖርቶ መጋላ ተጨመረች። በያጁ "መጋላ ድሬ ውስጥ አለ፣ አሁን ሞተርህ ላይም አለ" ብሎ ቀለደ። ቃሉ ከጣሊያንኛ መምጣቱን ልነግረው አስቤ ተውኩት። የእሱ ይሻላል።

ለክዳኑ ላስቲክ እንደገና ካላማዳሪ። ለዳዶዎቹ ደግሞ የእህቴ ኩቴክስ፤ ቀይ። ካጠበቅን በኋላ ከዳዶው እስከ ብረቱ አንድ መስመር ቀባን። መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ዞሯል ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት በዓይን ብቻ ይታያል፣ ቁልፍ ማውጣት የለም።

በቀጣዩ ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ተነሳሁ። ከድሬ እስከ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከዚያ የደንገጎን ዳገት ትወጣለህ። ጥምዝምዙ ሲጀምር የድሬ ሙቀት በአንገትህ በኩል ይወጣና ብርድ ይገባል። በትልልቆቹ ሳጥኖች ጊዜ እያንዳንዱ ኩርባ ላይ ጅራቷ ዘግየት ብሎ ይከተለኝ ነበር። አሁን ከእኔ ጋር አብራ ትዞራለች። ሐሮማያን አልፌ አወዳይ ስደርስ መንገዱ የጫት ቅጠል ለብሷል። የጫት መኪና ሲመጣ ዳር ያዝ፤ ሌላ ምክር የለም።

ሐረር ገብቼ መኪና ግርግር ሄድኩ። ጀጎል ውስጥ፣ ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን መንገድ ዳር ደርድረው የሚሰፉበት ጎዳና ነው፤ ስሙም ከመኪናዎቹ ጫጫታ የመጣ ነው። ሳጥኖቹን ፈትቼ አንድ ሽማግሌ ፊት አስቀመጥኩ። ለውስጣቸው የሚሆን ባለ እጀታ የሸራ ከረጢት እንዲሰፉልኝ ነው። ማታ ሳጥን ፈትቶ ክፍል ውስጥ ከማስገባት ከረጢቱን ብቻ መዞ መግባት ይሻላል። ሽማግሌው ሜትር አላወጡም። ሳጥኑ ውስጥ እጃቸውን ከቱ፣ በስንዝር ለኩ፣ ጥግ ጥጉን ዳሰሱ። የሪቬቶቹ ራስ ሸራውን እንዳይበላው በዚያ በኩል ድርብ አደረጉት። እኔ ያላሰብኩትን ነገር።

እስኪሰፋ በእግሬ ዞርኩ። ጀጎል 368 ጠባብ መንገዶች አሉት ይባላል። ከሁሉም የጠበበችው መገራ ወገራ ኡጋ ናት። የተኳረፉ ሰዎች እሷ ላይ ከተገናኙ ሳይነጋገሩ አይተላለፉም ይላሉ። ክንዴን ዘርግቼ ለካሁ፤ ያኔዎቹ ሳጥኖቼ ታሰቡኝ።

ከሰዓት ወደ ባቢሌ። 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ከባቢሌ አለፍ ብሎ የዳካታ ሸለቆ አለ፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ቆሞ፣ አሁን ወደቀ አሁን ወደቀ የሚያስብል። አስፋልቱን ለቅቄ በግመል መንገድ ገባሁ። አንገቴን ወደ ላይ አንጋጥጬ ድንጋይ ሳይ ከስር ያለውን ድንጋይ አላየሁትም። በግራ በኩል ዘፍ አልኩ።

ተነስቼ ዞርኳት። የእጅ መከላከያው ተፋፍቋል፣ እጀታው ወደ ታች ዞሯል፤ በእጄ መለስኩት። ፓራውልቱ አንድ ጣት ያህል ገባ ብሏል። የግራው ሳጥን ጥግ ጎብጧል። እግሬ? ሳጥኑ ስላጠረና ቱቦው ሞተሯን ከፍ አድርጎ ስለያዘላት ክፍተት ነበራት፤ ራሴው መዝዤ አወጣኋት። ኩቴክሱ አንድም ቦታ አልተሰበረም።

ባቢሌ ተመልሼ ሻይ ስጠጣ አንድ የግብርና ባለሙያ አጠገቤ ሞተሩን አቆመ። ያማሃ ኤጂ 200። ለእርሻ ተብላ የተሰራች ናት። ከፊት መጫኛ፣ ከኋላ መጫኛ፣ የኢንጂን መከላከያ ቱቦ፣ የእጀታ መከላከያ፣ ሰንሰለቷ እንኳን ተሸፍኗል። ማቆሚያዋም በግራና በቀኝ ሁለት ነው። ይህ ሁሉ ከፋብሪካ አብሯት የወጣ ነው። ኋላዋ ላይ ግማሽ ኩንታል ነገር በላስቲክ ታስሯል። የእኔን ዞሮ አያትና "ይሄን ሁሉ ራስህ ነህ ያሰራኸው?" አለኝ።

"አዎ።"

"ስንት ፈጀ?"

ነገርኩት። ሻዩን ሊውጥ ሲል ትን አለው።

ማክሰኞ ከፊራ ሄድኩ። አዲሶቹን ሳጥኖች ከነማሰሪያቸው ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩ። እማማ እንደልማዳቸው ክዳኑን ከፈቱ። ይህን ጊዜ ባዶ አልነበረም፤ ሁለት ኪሎ የባቢሌ ኦቾሎኒ ነበረበት። አወጡት፣ ለብቻ አስቀመጡት፣ ሳጥኖቹን መዘኑ። 9 ኪሎ። ኦቾሎኒውን ሳነሳ አንድ ኪሎ ተኩል ሆኖ አገኘሁት።

"የሚዛን ነው ልጄ" አሉኝ።