ያልተከፈተው ውሃ

ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። ከከተማው በላይ ተራራው ላይ ወዳለው የአሸተን ማርያም ገዳም ስንት ጊዜ እንደወጣሁ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ከተማው ራሱ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ አሸተን ደግሞ ከ3 ሺህ በላይ።

ያን ቀን ይዣቸው የወጣሁት ከአሜሪካ የመጡ እናት ነበሩ። ወሩ መጋቢት ነው፣ ዐቢይ ጾም። ቤተ ጊዮርጊስን ሳልሳለም ንቅንቅ አልልም ስላሉ መንገድ የጀመርነው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ለመጋቢት ፀሐይ በጣም ረፍዷል። የታሸገ ውሃ ሰጠኋቸው፣ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። እኔም የውሃውን ነገር በዚያው ተውኩት።

መጀመሪያ ላይ ወሬያቸው አይጠገብም ነበር። እናታቸው ለገና በእግራቸው ላሊበላ እንደመጡ ሁሉ አጫወቱኝ። ዳገቱ ጠንከር ሲል ዝም አሉ። "ደህና ነዎት እናቴ?" ስላቸው "ደህና ነኝ ልጄ፣ እመቤቴ ታወጣኛለች" ይሉኛል። አመንኳቸው። እዚያ ላይ ነፋሱ ቀዝቀዝ ስለሚል ሙቀቱ አይታወቅም። ላቡ ሳይታይ ይደርቃል፣ ሰውነት ግን ውሃውን እየጨረሰ ነው።

መንገዱ ላይ አንዲት ወይራ አለች። እዚያ ስንደርስ ድንጋይ ሊደገፉ እጃቸውን ዘረጉና ሳቱት። ደግፌ አስቀመጥኳቸው። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ፊታቸው አመድ መስሏል። ውሃውን ከቦርሳቸው አውጥቼ ክዳኑን ስጠመዝዘው ቀጭ አለ። እሽጉ አልተነካም። በዚያ ሁሉ ፀሐይ አንድ ጉንጭ አልጠጡም!

"ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላማ አልጠጣም" አሉኝ፣ ድምፃቸው እየተቆራረጠ።

ብለምን ብለምን እምቢ። የደረሱልን ከላይ ሲወርዱ የነበሩ ቄስ ናቸው። መስቀል አሳለሟቸውና "ልጄ፣ የታመመ ሰው በጾም አይያዝም። ጠጪ" አሏቸው። ያን ጊዜ ጠጡ። ጥላው ሥር አስተኝተን እግራቸውን ከፍ አደረግን። ነጠላቸውን አርጥቤ አንገታቸው ላይ አኖርኩ። ከአንድ ጎጆ ስኳርና ጨው ለምኜ መጣሁ፦ ለአንድ ሊትር ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ቀስ እያሉ ፉት አሉት። ዓይናቸው ሲመለስ እኔም ነፍሴ ተመለሰች።

በበቅሎ አወረድናቸው። ጤና ጣቢያ ነርሷ የሚወስዱት የደም ግፊት ኪኒን ሽንት የሚያበዛ ዓይነት እንደሆነ ስትነግረኝ አፈርኩ። ጠዋት እኔ የጠየቅኳቸው ስለ ጫማቸው ብቻ ነበር።

አሁን ከዋዜማው እጠይቃለሁ። ጾም ይዘዋል ወይ? የሚወስዱት መድኃኒት አለ ወይ? በሰው ገመና መግባት ይመስላል ብዬ አልተወውም። በሙቀት ወራት 12 ሰዓት ተኩል ላይ መንገድ እንጀምራለን። ኦአርኤስም፣ ማለትም በውሃ የሚበጠበጠው የስኳርና የጨው ዱቄት፣ ከቦርሳዬ አይጠፋም።

እናቴ ትንሽ ቀን አርፈው፣ ቄሱን አስፈቅደው፣ በማለዳ በበቅሎ ወጡ። ወይራዋ ጋ ስንደርስ በቅሎዋን አስቆሙና ምንም ሳይሉ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ውሃውን ከፍቼ ሰጠኋቸው።